ሥነ ልሳን የሚማር ልጅ

በየዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ምደባ በሚነገርበት ወራት በደባርቅና በዳባት፥ ከዚያም አልፎ በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት መንደሮች፥ በብዙ ቤት አንድ ዐይነት ጥያቄ ይነሣል። ልጁ «ሥነ ልሳን ልማር ነው» ብሎ የተናገረ እንደ ሆነ አባት ዝም ይላል፤ እናት «እሱ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?» ትላለች፤ ጎረቤትም «አማርኛውን ከእናቱ ጡት ጋራ ጠብቶት የለምን? ስለ ምን ዓመታት ይደክምበታል?» ይላል። ጥያቄው የንቀት አይደለም። ገብስ ሸጦ፥ በግ ነድቶ ልጁን ለትምህርት የሚልክ ወላጅ ገንዘቡና ተስፋው በምን ላይ እንደሚውል ማወቅ ይገባዋል። ስለዚህ በዚህ ወር ይህ ትምህርት ምን እንደ ሆነ፥ ለምን እንደሚጠቅም፥ ለስሜን ሰውም ምን ጕዳይ እንዳለው ባጭሩ እንገልጻለን።

አስቀድመን እንወቅ፤ ሥነ ልሳን ማለት ብዙ ቋንቋ መልመድ አይደለም። ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አስተርጓሚ ሊሆን ይችላል፤ ሥነ ልሳን የተማረ ግን ቋንቋ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ይመረምራል። በእግሩ የሚሄድ ሁሉ የጕልበቱን መጋጠሚያ አያውቅም፤ ሐኪም ግን ያውቀዋል። እንደዚሁም በአፉ የሚናገር ሁሉ የንግግርን ሥርዐት ገልጦ ሊያስረዳ አይችልም። ሥርዐቱ ግን በውስጡ አለ።

ለምሳሌ «ገና» የሚለውን ቃል እንመልከት። «ገና አልመጣም» ስንል «ና» ላልቶ ይነገራል፤ «የገና በዓል» ስንል ግን ይጠብቃል። «ልጁ ይበላል» ስንል ቃሉ ላልቶ ይነበባል፤ «እንጀራው ይበላል» ስንል ግን «በ»ም «ላ»ም ይጠብቃሉ። ፊደላችን ይህን ልዩነት አያሳይም። ነገር ግን የዳባት ሕፃን ፊደል ሳይቈጥር፥ ማንም ሕጉን ሳይነግረው፥ ሁለቱን ለይቶ ይናገራል፤ ለይቶም ይሰማል። ይህን የተሰወረ ሕግ ከተናጋሪው አፍ ሰምቶ፥ መዝኖና አስተካክሎ በጽሑፍ ማስቀመጥ የሥነ ልሳን ሥራ ነው።

ትምህርቱም በየክፍሉ ይሰጣል። አንዱ ክፍል ድምፅን ይመረምራል፤ ይኸውም ከንፈር፥ ጥርስ፥ ምላስ፥ ላንቃና ጕረሮ እያንዳንዱን ድምፅ እንዴት እንደሚያወጡ ነው። ሁለተኛው የቃልን እርባታ ይመለከታል፤ «ሰበረ» ከሚለው ግስ «ተሰበረ»፥ «ሰባበረ»፥ «ሰባሪ»፥ «ስብራት» እንዴት እንደሚወጡ ያስረዳል። ሦስተኛው ቃላት በዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚሰለፉበትን አገባብ፥ አራተኛው ፍቺን ያጠናል። ከዚህም ሌላ ቋንቋ ከሕዝብ ኑሮ ጋራ ያለውን ግንኙነት የሚመረምር ክፍል አለ።

ይህን የሚሰማ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነገሩ እንግዳ እንደማይሆንበት እናምናለን። በንባብ ቤት ተነሽ፥ ወዳቂ፥ ተጣይና ሰያፍ እያለ ንባብን የለየ፥ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ከየኔታ አፍ ያጠና፥ በቅኔ ቤትም ቀተለን፥ ቀደሰን፥ ባረከን፥ ቆመን እንደ አርእስት ይዞ ግስ ያወረደ ልጅ፥ ድምፅንና እርባታን መመርመር ከጀመረ ቈይቷል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበት፥ በደስታ ተክለ ወልድ አሳታሚነት በ1948 ዓ.ም. የወጣው የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከዚሁ ትምህርት የፈለቀ ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚጨምረው ሌላ ነገር ነው። ቅኔ ቤት ግእዝን ያከብራል፤ የጥንቱን ልክ ይጠብቃል። ሥነ ልሳን ደግሞ መጽሐፍ ያለውንና የሌለውን ቋንቋ በአንድ ሚዛን ያያል። የሊቁንም የእረኛውንም ንግግር እኩል ያዳምጣል። «እንዴት መባል ይገባዋል?» ከማለት በፊት «ሰው እንዴት ይላል?» ብሎ ይጠይቃል። ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. ያሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» አማርኛን በዚህ መንገድ ከመረመሩት መጻሕፍት ዋነኛው ነው።

የደባርቅ ልጅ ለዚህ ምርመራ ከሌላው ይልቅ የቀረበ ነው። ለምን ቢሉ በቋንቋዎች መገናኛ አጠገብ ተወልዷልና። ልጆች «ሀ» እያለ «ሐ»፥ «አ» እያለ «ዐ» ለምን አስፈለገ ብለው ይጠይቃሉ። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆኗል። ነገር ግን ሊማሊሞን ወርዶ፥ በአዲ አርቃይ አልፎ ተከዜን የተሻገረ ነጋዴ ትግርኛ ተናጋሪው «ሐ»ንና «ዐ»ን ከጕረሮው ለይቶ ሲያወጣቸው ይሰማል። ዐረብኛም እንዲሁ ይለያቸዋል። እነዚህን እኅት ቋንቋዎች አስተያይቶ፥ የጥንቱ ግእዝ ሁለቱን ለይቶ ይናገራቸው እንደ ነበረ፥ ፊደሉም ያለ ምክንያት እንዳልተደገመ ማስረዳት የሥነ ልሳን አንዱ ፍሬ ነው።

ሌላም አለ። ግእዝ አብዛኛውን ጊዜ ግሱን አስቀድሞ «በልዐ ብእሲ» ይላል፤ አማርኛ ግን «ሰው በላ» ብሎ ግሱን ወደ መጨረሻ ይወስዳል። ግእዝ «ቤተ ንጉሥ» ሲል አማርኛ «የንጉሥ ቤት» ይላል። ሁለቱ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ሲሆኑ ሰልፋቸው ለምን ተለያየ? ብዙ ሊቃውንት ምክንያቱ ከአገው ልሳኖችና ከሌሎች የኩሽ ቋንቋዎች ጋራ አብሮ መኖር ነው ይላሉ፤ እነርሱ ግስን በመጨረሻ ያኖራሉና። እንግዲህ በየቀኑ የምንናገረው አማርኛ የሁለት ወገን አያቶች ያሳደጉት ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ከአገው ልሳኖች ዛሬ የሚታወቁት በኤርትራ ብሌን፥ በዋግ ኽምጣንኛ፥ በአዊ አውኚ፥ ከጎንደር በስተ ምዕራብም ቅማንትኛ ናቸው። በስሜንና በወገራም የአገው ልሳን ይነገር ነበር። በነዚህ አገሮች ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ቀድሞ የአገው ልሳን ተናጋሪዎች ነበሩ፤ ኋላ አማርኛን ይዘው የአገውኛው ቃል በጸሎታቸው ውስጥ ቀረ። አብዛኞቻቸውም በ1977 ዓ.ም. እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄዱ።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንመጣለን። ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ መንገደኛ በ1762 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1770) ከምጽዋ ተነሥቶ በዚሁ በሊማሊሞ ዐቀበት አድርጎ ወደ ጎንደር ገባ። በአገራችን በነበረበት ጊዜ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን ወደ ልዩ ልዩ የአገሩ ቋንቋዎች አስተርጕሞ አስጻፈ። ከነዚያም አንዱ በጎጃም በዐባይ አጠገብ ይነገር የነበረው ጋፋትኛ ነው። ጽሑፉ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ጋፋትኛ እየመነመነ ሄደ። ዎልፍ ሌስላው የተባለው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1947 ወደ ጎጃም ሄዶ ቢፈልግ፥ በብዙ ድካም ቋንቋውን የሚያውቁ 4 ሰዎች ብቻ አገኘ። ከነርሱ የሰማውንም ጽፎ በ1956 በፓሪስ መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። ዛሬ ጋፋትኛን የሚናገር የለም።

ይህን ነገር ልብ ብላችሁ አስቡት። ሕዝብ ያረሰበት፥ ልጅ ያሳደገበት፥ ሙት ያለቀሰበት ልሳን ነበረ። ዛሬ በአብዛኛው የቀረልን አንድ የመጽሐፍ ትርጕምና ከ4 ሰዎች አፍ የተለቀመው ነው። እነዚያ ጥቂት ገጾች ባይኖሩ ጋፋትኛ የአማርኛና የጕራግኛ ዘመድ መሆኑን እንኳ ማወቅ ይቸግረን ነበር። ጽሑፉንም ያኖረው ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው፤ ትርጕሙን የሠሩት የአገሩ ሰዎች ግን ስማቸው እንደ ብሩስ ስም አልታወቀም። የአገሩ ልጅ ራሱ ቢማርና ቢጽፍ ኖሮ ምን ያህል በተረፈ!

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ቅማንት ነን ያሉት ከ172 ሺህ በላይ ሲሆኑ፥ ቅማንትኛን አፍ መፍቻችን ነው ያሉት እጅግ ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልሳን መምህር ዘለዓለም ልየው በጭልጋና በአካባቢው ሽማግሎችን እየጠየቁ የዚህን ቋንቋ ሰዋስውና ከአማርኛ ጋራ ያለውን ታሪክ መርምረው፥ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2003 በጀርመን አገር አሳትመዋል። ቋንቋው የቀረው በአረጋውያን ዘንድ ሆኖ አግኝተውታል። ልሳን ባንድ ቀን አይሞትም። አያት ይናገረዋል፤ አባት ይሰማዋል፥ ነገር ግን በገበያና በትምህርት ቤት ስለማይጠቅመው ለልጁ አይነግረውም፤ የልጅ ልጅ ግን ስሙን ብቻ ያውቃል። ሦስት ትውልድ ይበቃዋል። በዚያን ጊዜ መመራመሪያ ገንዘብ ቢገኝ፥ መሣሪያም ቢመጣ፥ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም።

ምናልባት አንድ ሰው «ይህ ስለ ሌሎች ቋንቋዎች ነው፤ የእኛ አማርኛ ምን ይሆናል?» ይል ይሆናል። አማርኛ አይጠፋም፤ የየአገሩ አነጋገር ግን ይጠፋል። ጎንደሬውና ጎጃሜው ሽማግሌን ሲያከብር «አንቱ» ይላል፤ የአዲስ አበባ ሰው «እርስዎ» ይላል። ከስሜን የሄደ ተማሪ በከተማ ሲሳቅበት «አንቱ» ማለቱን ይተዋል፤ ለዕረፍት ሲመለስም በእናቱ አነጋገር ማፈር ይጀምራል። ሥነ ልሳን ለዚህ ሐፍረት መድኀኒት አለው። ሁለቱም የራሳቸው ሥርዐት ያላቸው የአክብሮት ቃላት መሆናቸውን፥ አንዱም የሌላው ብልሽት አለመሆኑን በማስረጃ ያሳያልና። የስሜን ሰው ቃል እስከ ዓለም ዳርቻ እንደ ደረሰም ያስታውሰዋል። ሩፔል የተባለው የጀርመን ተመራማሪ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1835 ለዋልያና ለጭላዳ የሳይንስ ስም ሲያወጣ የወሰደው የአገሩ ሰው የሚጠራቸውን ስም ነው። ዛሬ የዓለም ሊቃውንት ሁሉ በዚያው ይጠሯቸዋል።

«እንጀራውስ?» ለሚለው የወላጅ ጥያቄ እውነቱን እንመልስ። «የሥነ ልሳን ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ በየቀኑ አይለጠፍም። ልጁም ይህን ዐውቆ ሊገባበት ይገባል። ነገር ግን ሥራው ብዙ በር አለው፤ መምህርነት፥ የመጻሕፍትና የጋዜጣ እርማት፥ የመዝገበ ቃላት ዝግጅት፥ የትርጕም ሥራ፥ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ለሚማሩ ሕፃናት መማሪያ ማዘጋጀት ይገኙበታል። በአገራችን ከ80 የሚበልጡ ቋንቋዎች አሉ፤ አብዛኞቹም በቂ መዝገበ ቃላትና መማሪያ ገና አላገኙም። በዘመናችን ደግሞ ኮምፒዩተርን አማርኛ ማስተማር የሚባል አዲስ ሥራ መጥቷል። «አልነገረችኝም» የሚለው አንድ ቃል አሉታን፥ ተናጋሪዋን፥ ድርጊቱንና የተነፈገውን ሰው ባንድነት ይዟል፤ እንግሊዝኛ ይህን ለመናገር 5 ቃላት ይፈልጋል። መሣሪያው ይህን እንዲለይ የቃልን እርባታ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ሥነ ልሳን የሚማር ልጅ ከጐኑ ኮምፒዩተርን፥ ወይም የማስተማርን ሙያ፥ ወይም አንድ ተጨማሪ ያገር ቋንቋ ቢይዝ ይበጀዋል። የውጭ ቋንቋ ብቻ መያዝ አይበቃውም፤ ኽምጣንኛ ወይም ትግርኛ የሚያውቅ የደባርቅ ልጅ ከማያውቀው የተሻለ መርማሪ ይሆናል።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ይህን ትምህርት ወድዶ መርጦት እንደ ሆነ አታሳፍሩት። ምደባው ሌላ ሆኖበት፥ ምርጫው ሳይሞላለት ደርሶት እንደ ሆነ ደግሞ ሳያውቀው እንዳይጠላው ምከሩት። እናንተም ልትረዱት ትችላላችሁ፤ እርሱ በመጽሐፍ የሚፈልገውን እናንተ በአፋችሁ ይዛችሁታልና።

ተማሪዎችም ሆይ! ሥራችሁን ለመጀመር ምረቃ አትጠብቁ። ለዕረፍት ስትመለሱ አባታችሁን ከጥማዱ አጠገብ ሆናችሁ ጠይቁት፤ ሞፈሩን፥ ቀንበሩን፥ ዕርፉን፥ ድግሩን፥ ወገሉን እያንዳንዱን በስሙ ጻፉ። እናታችሁን የገብሱን ዐይነት ሁሉ በየስሙ አስቈጥሯት። አያታችሁ ተረት ስትነግር ፈቃዷን ጠይቃችሁ በስልካችሁ ድምፅዋን ቅዱ። የተናጋሪውን ስም፥ መንደሩን፥ ቀኑን፥ ዓመተ ምሕረቱን ከጐኑ መዝግቡ፤ ይህ የሌለው ቅጂ ኋላ ለመርማሪ አይጠቅምም። ቃሉን እንደ ሰማችሁት ጻፉት እንጂ ወደ ከተማ አማርኛ አታቃኑት። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና የሚያዳምጥ ጆሮ ነው። ሽማግሎቻችን ግን ሁልጊዜ ከደጃችን ተቀምጠው አይጠብቁንም፤ ስለዚህ በመጪው ዕረፍት ይጀመር።