የመኪና እሽቅድምድም ማጭበርበር እና የቅጣት ሚዛን፦ ለአፍሪካ ቀንድ ሯጮች ምን ይነግራል?

ጂቡቲ ከተማ — በስፖርት ውስጥ ማጭበርበር ሲጋለጥ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ “ማን አጠፋ?” የሚል ነው። የሚከተለው ጥያቄ ግን ይበልጥ ይከብዳል፤ ቅጣቱ በማን ላይ ይረፍ? ምን ያህልስ ይሁን? የሞተር ስፖርት ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ለዚህ ጥያቄ የሰጣቸው መልሶች እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። ስማቸውን በመኪና ሳይሆን በእግራቸው ላስጠሩት ለጂቡቲ እና ለኢትዮጵያ ሯጮችም የሚያስተምሩት አለ። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1995 በስፔን ካታሎኒያ በተካሄደው የዓለም ራሊ ሻምፒዮና የቶዮታ ቡድን መኪኖች ሲፈተሹ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚገድበው ክፍል በረቀቀ ዘዴ መለወጡ ታወቀ። ክፍሉ መኪናው ላይ ሲገጠም ተጨማሪ አየር ያሳልፋል፤ ለፍተሻ ሲፈታ ግን ሕጋዊ መስሎ ይታያል። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን (ፊያ) ቡድኑን ለ12 ወራት አገደ፤ የአሽከርካሪዎቹንም የዓመቱን ነጥብ ሰረዘ። አሽከርካሪዎቹ ዘዴውን ማወቃቸው አልተረጋገጠም። ሆኖም ያልተገባው ፍጥነት እነርሱንም ጠቅሟልና ከቅጣቱ አልዳኑም።

ከ12 ዓመታት በኋላ ሚዛኑ ተገለበጠ። በ2007 ወደ 780 ገጽ የሚጠጋ የፌራሪ ቴክኒካዊ ሰነድ በማክላረን ዋና ንድፍ አውጪ እጅ ተገኘ። ማክላረን 100 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነበት፤ ከቡድኖች ፉክክርም ተሰረዘ። አሽከርካሪዎቹ ሉዊስ ሃሚልተን እና ፈርናንዶ አሎንሶ ግን መረጃ በመስጠታቸው ነጥባቸው ተጠበቀላቸው። የፌራሪው ኪሚ ራይኮነን በአንድ ነጥብ ባይቀድማቸው ኖሮ፣ የዓለም ዋንጫው በተቀጣው ቡድን መኪና ይነሣ ነበር።

ይበልጥ የሚያነጋግረው የ2008ቱ የሲንጋፖር ውድድር ነው። የሬኖው አሽከርካሪ ኔልሰን ፒኬ ጁኒየር በአለቆቹ ትእዛዝ መኪናውን ሆን ብሎ ከግንብ አጋጨ። በግጭቱ ምክንያት ውድድሩ ሲቀዘቅዝ የቡድን ጓደኛው አሎንሶ ዕድሉን ተጠቅሞ አሸነፈ። እስከዚያች ቅጽበት ሲመራ የነበረው ፌሊፔ ማሳ ከውድድሩ ያለ ነጥብ ወጣ፤ የዓመቱንም ዋንጫ በአንድ ነጥብ ልዩነት ለሃሚልተን አስረከበ። ፒኬ በ2009 ምስጢሩን ሲያወጣ ከቅጣት ነጻ ተደረገ። ሬኖ በገደብ ታለፈ። የቡድኑ ኃላፊ ፍላቪዮ ብሪያቶሬ ላልተወሰነ ጊዜ፣ መሐንዲሱ ፓት ሲሞንድስ ደግሞ ለአምስት ዓመት ታገዱ።

ይሁንና በጥር 2010 የፈረንሳይ ፍርድ ቤት ፊያ ሥርዓቱን ጠብቆ አልቀጣም ሲል እገዳዎቹን ሻረ። ጥፋቱ ተፈጽሟል፤ ቅጣቱ ግን በአካሄዱ ጉድለት ወደቀ። አበው “በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ” የሚሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ብሪያቶሬ በ2024 በአልፒን ቡድን አማካሪነት ወደ ፎርሙላ ዋን ተመልሷል። በዚያው ዓመት ማሳ በለንደን ክስ መሥርቷል። የሲንጋፖር ውጤት ግን አልተለወጠም።

በ2022 ደግሞ ሬድ ቡል ያለፈውን ዓመት የወጪ ጣሪያ በማለፉ 7 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ የአየር ፍሰት ሙከራ ጊዜውም በ10 በመቶ ተቀነሰ። የማክስ ቬርስታፐን የ2021 ዋንጫ ግን አልተነካም። ተቺዎች እንዲህ ያለው መቀጮ ለሀብታም ቡድን ቅጣት ሳይሆን የሸቀጥ ዋጋ ነው ይላሉ።

በአፍሪካ ቀንድ ያለው ሁኔታ የተለየ ነው። በሰኔ 2016 የስፔን ፖሊስ ሶማሊያዊውን አሠልጣኝ ጃማ አደንን በሳባዴል ከተማ በአበረታች መድኃኒት ጥርጣሬ ያዘ። አሠልጣኙ ጥፋት አልፈጸምሁም ብለዋል። በእርሳቸው ሥር ከሚሠለጥኑት መካከል ጂቡቲያዊው አያንሌ ሱሌይማን እና ኢትዮጵያዊቷ ገንዘቤ ዲባባ ነበሩ። በሁለቱም ላይ ጥፋት አልተረጋገጠም። ሆኖም ስማቸው ከዜናው ጋር ዓለምን ዞረ።

በዚያው ዓመት ሜልዶኒየም የተባለው መድኃኒት መታገዱ ሌላ ልዩነት አሳየ። ለስዊድን ትሮጥ የነበረችው አበባ አረጋዊ መድኃኒቱ ተገኝቶባት ከታገደች በኋላ፣ መጠኑ ዝቅተኛ በመሆኑ በሐምሌ እገዳው ተነሣላት። ብዙም ሳይቆይ የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በዚሁ መድኃኒት የተከሰሰን የማራቶን ሯጭ በሦስት ዓመት እስራት ቀጣ። የሁለቱ መዝገብ አንድ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን የዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች መድኃኒት ሕግ በሯጭ ላይ የሚጥለው የውድድር እገዳን እንጂ እስራትን አይደለም።

አትሌቲክስ የተሻለበትም ነገር አለ። ሩሲያዊቷ ዩሊያ ዛሪፖቫ የ2012 የለንደን ኦሊምፒክ የመሰናክል ወርቋን ስትነጠቅ፣ ሦስተኛ የወጣችው ሶፊያ አሰፋ ወደ ብር ከፍ ብላለች። ፍትሑ ዓመታት ቢዘገይም ለተበደለው ደርሷል። ማሳ ያላገኘው ይህንን ነው።

የአትሌቲክስ ሕግ፣ በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር ሯጩ ራሱ ተጠያቂ ነው ይላል። ሕጉ ምክንያት አለው፤ “አሠልጣኜ ሰጠኝ” የሚለው ሰበብ በር ከከፈተ ማንም አይቀጣም። ችግሩ የሚመጣው ተጠያቂነቱ በሯጩ ላይ ሲቆም ነው። የፎርሙላ ዋን ቡድን በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ በቀጣዩ ወር ይወዳደራል። የአራት ዓመት እገዳ የተጣለበት ሯጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ መተዳደሪያው ይቋረጣል፤ ሲመለስም ጉልበቱ አልፎበታል። መድኃኒቱን ያቀረበው ሐኪም፣ አሠልጣኝ ወይም ወኪል ደግሞ ሌላ ወጣት ይፈልጋል።

ጂቡቲ እስካሁን ያላት የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አንድ ብቻ ነው፤ ሁሴን አህመድ ሳላህ በ1988 ሴኡል ላይ በማራቶን ያመጣው ነሐስ። ሀብቱ የሯጮቹ ስም ለሆነ አገር የንጹሑን ስም መጠበቅ አጥፊውን ከመቅጣት አያንስም። የሲንጋፖሩ ጉዳይ እንዳሳየው፣ ትእዛዝ ሰጪውን ለማግኘት የታዘዘው ያለ ፍርሃት እንዲናገር ማድረግ ያስፈልጋል። ትእዛዝ ሰጪው ከተገኘ በኋላም ቅጣቱ የሚጸናው ሥርዓቱን ጠብቆ ሲወሰን ብቻ ነው።