ሞላ ቆራጮች ሆይ!

“መኪናን መሬት ላይ ማስተኛት የሥራ ፈት ቅብጠት ነው” የሚሉ አሉ። “ሞላውን ቁረጠውና ዝቅ በል፤ ሌላው ወሬ ነው” የሚሉም አሉ። ዛሬ ከሁለቱም ጋር ሙግት ገጥሜአለሁ። ቢቀየሙኝም ግድ የለም፤ ከሁለተኞቹ አንዱ ነበርኩና ዱላው አስቀድሞ የሚያርፈው በራሴ ጀርባ ላይ ነው።

ከፊተኞቹ እንጀምር። እኔ የአቦምሳ ልጅ ነኝ። የአርሲ ሰው ፈረሱን በዛብና በኮርቻ አሸብርቆ አደባባይ ሲወጣ “ሥራ ፈት” ያለው ሰው አላየሁም። ታዲያ የአባት ፈረስ በልጅ ዘመን ዲኤክስ ሆኖ ቢመጣ ምን ያስደንቃል? ዲኤክስ የምንላት የእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ቶዮታ ኮሮላ በአዲስ አበባ ወጣቶች እጅ ያላየችው ጌጥ የለም፤ ሰፊ ቸርኬ፣ አዲስ ቀለም፣ ዝቅ ያለ ወገብ። ልጁ የአሜሪካኖቹን ሙስታንግና ቻሌንጀር በፊልም እያየ አድጓል። መግዛቱ የማይታሰብ ነውና ያለችውን አስመሰላት። ይህ ናፍቆት ነው፤ ናፍቆት ደግሞ አያስወቅስም።

ዝቅ ማለትም በራሱ ጥፋት የለበትም። ክብደቷ ወደ መሬት የቀረበ መኪና ኩርባ ላይ የምታዘነብለው ያነሰ ነው። ፎርድ ራሱ ለሙስታንግ ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ይሸጣል፤ የሚያወርደውም 2 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ሞላው አጥሮና በዚያው ልክ ጠንክሮ የተሠራ ነው፤ ጠንቃቃ ሰው ሾክ አብዞርበሩን አብሮ ይለውጣል፤ የጎማውንም አቋም እንደገና ያስለካል። ለሁለት ጣት ያህል ዝቅታ ይህ ሁሉ ድካም!

አንድ ታሪክ ልጨምር። በካሊፎርኒያ የሚኖሩ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ወጣቶች አሮጌ ሸቭሮሌ እየገዙ ዝቅ ያደርጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ሕግ ወጣባቸው፤ የመኪናው አካል ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች መውረድ የለበትም ተባለ። በዓመቱ ሮን አጊሬ የሚባል የዚያው ግዛት ወጣት ኮርቬቱ ላይ የአውሮፕላን ሃይድሮሊክ ገጠመ። ሲያሻው ያወርዳታል፤ ፖሊስ ሲያይ ያነሣታል። ክልከላው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ልብ በሉ! የአጊሬ መኪና ወርዳ ትነሣለች። የእኛ የተቆረጠ ሞላ ግን አንዴ ከወረደ ወረደ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በ1994 ዓ.ም. ዲኤክሴን ይዤ አንድ ጋራዥ ገባሁ። መካኒኩ የአራቱንም ጎማ ሞላ በጋዝ እሳት ቆረጠልኝ። ሰፈር ስገባ ልጆች አጨበጨቡ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ መርዶ መጣ፤ አቦምሳ ያለው አጎቴ ማረፉን ሰማን። ዛፍ ሥር ባሌስትራ ሲያስር የኖረ፣ የመጀመሪያዋን ቡሎን እጄን ይዞ ያስፈታኝ ሰው ነው። እናቴን፣ ሁለት አክስቶቼንና አንድ ጎረቤታችንን ጭኜ ገና ሳይነጋ ተነሣሁ። እስከ ዴራ አስፋልቱ ታገሠን። ከዴራ ወደ አቦምሳ የሚወስደው መንገድ ያኔ ጠጠር ነበር፤ መኪናዋም በሆድዋ ትሳብ ጀመር። እናቴ “ልጄ፣ ይቺ መኪና ታማለች እንዴ?” አለችኝ። ምን ልበላት? ብዙም ሳንሄድ ድንጋይ የዘይቱን ኮፓ ቀደደው። ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። አንድ አይሱዙ አንሥቶን ስንደርስ ሰዉ ከቀብር እየተመለሰ ነበር። እናቴ ወንድሟን ሳትቀብር ቀረች። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሞላ መጠየቅ የጀመርኩት። የተቆረጠ ሞላ ከማጠሩም በላይ ይደርቃል። 8 ጥምዝ ካለው ላይ 2 ቢቆረጥ ድርቀቱ በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚጫወትበት ቦታ ግን ይጠባል። ሰው ሲሳፈር መኪናዋ ማቆሚያው ላስቲክ ላይ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ጉድጓዱን የሚቀበለው ቦዲውና የተሳፋሪው አከርካሪ ነው። እሳቱም ብረቱ በፋብሪካ ያገኘውን ጠባይ ያበላሽበታል። የተቆረጠው ጫፍ መቀመጫው ላይ በወጉ አያርፍም፤ ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ሞላው ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ፍጥነት ላይ ይህ ቢደርስ የሚያመልጠው ቀብር ብቻ አይሆንም።

በገጠሩ በኩል ደግሞ ተቃራኒው ይሠራል። ከልክ በላይ ለመጫን ሲባል በአይሱዙውና በሚኒባሱ ባሌስትራ ላይ ባሌስትራ ይደረባል። ሙት አይወቀስም እንጂ አጎቴም ሲደርብ ኖሯል። ባሌስትራው ቢጨመርም ፍሬኑ ያው ነው፤ ጎማው ያው ነው። ከተሜው ለዓይኑ ሲል ይቆርጣል፤ ጫኙ ለኪሱ ሲል ይደርባል። ሁለቱም የሚረሱት ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ነው።

ታዲያ ምን ይሁን? በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ወስኗል። በእጃችን ያሉት አሮጌዎች ብዙ ሊያገለግሉን ነው፤ በእሳት ልንጨርሳቸው አይገባም። የቦሎ ምርመራ ሲደረግ መብራትና ፍሬን እንደሚታየው ሁሉ ሞላውም ጎንበስ ተብሎ ይታይ። ተቺዎችም ልጆቹን መስደብ ይተዉና ማስተማር ይጀምሩ። አንተም ወንድሜ፣ ዝቅ ማለት ካማረህ በልኩ የተሠራ ሞላ ግዛ፤ ገንዘቡ ካልሞላልህ እስኪሞላ ታገሥ። እሳት ይዞ ወደ መኪናህ የሚጠጋ መካኒክ ካለ ግን እኔ ሳልጠይቅ የቀረሁትን አንድ ነገር ጠይቀው፦ “እናቴን ጭኜ አቦምሳ እደርስባታለሁ?”