ሳምቡሳ ጠባሾቹ ከመንገድ ይነሱ ወይ?



«መንገድ ዳር ሳምቡሳ የሚጠብሱት ይነሱልን» የሚሉ አሉ። እኛ በበኩላችን አንስማማም።

ሳምቡሳ የቆየ ምግብ ነው። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ14ኛው መቶ ዓመት በዴልሂ ቤተ መንግሥት በሥጋና በለውዝ ተሞልቶ ሲቀርብ አይቶ ጽፏል። ሕንዶች ዛሬ ድንችና አተር ያበዙበታል፤ እኛ አገር ምስር ነው።

ሙያው ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። ዱቄቱ በጨውና በውኃ ጠንከር ተደርጎ ይታሻል፤ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ይዳመጥና ምጣድ ላይ ለአንድ አፍታ ብቻ ጣል ይደረጋል። ከቆየ ሲታጠፍ ይሰበራል። ምስሩ ሙክክ ሳይል ወጥቶ በደንብ ይጠነፈፋል፤ ርጥበት ከቀረው ቂጣውን ያላሽቀውና ያ የምንወደው ኩርሽም ኩርሽም ማለቱ ይቀራል። ከዚያ ሽንኩርትና ቃሪያ ገብቶበት በሦስት ማዕዘን ይታጠፋል፤ አፉ በቀጭን ሊጥ ይጣበቃል። ይህን ሁሉ ለፍተው የሚያድሩትን እናቶች ነው ተነሱ የምንለው?

ስጋት የለም አንልም። በጋምቤላ ሙቀት የጧት ምስር ለማታ አይሆንም። ጠቁሮ የሚጨስ ዘይትም ለጤና ጠንቅ ነው፤ ዘይት መወደዱን እያወቅን እንኳ ይህን መናገር አለብን። ስለዚህ ጥላና ውኃ ያለበት ቦታ ይሰጣቸው፤ እነሱም ምስሩን በቀን ልክ ይቀቅሉ፣ ሳህኑን ይክደኑ። ገዢውም «የትናንቱን በርካሽ ስጪኝ» ማለቱን ይተው!

ለመሆኑ ምስር ከደጋ ድረስ ከምናስመጣ የባሮን ዓሣ ቀቅለን፣ እሾሁን ለቅመን ብንሞላውስ? ቀድማ ለሠራች እኛ ገዢ ነን።