«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት

በአገራችን ኮምፒውተር ታሞ ወደ ጠጋኝ ሲሄድ በአብዛኛው የሚታዘዝለት መድኃኒት አንድ ነው። ቢዘገይ ፎርማት፤ ቫይረስ ቢገባበት ፎርማት፤ አልነሣ ቢል ፎርማት። ለራስ ምታትም፣ ለቁርጥማትም፣ ለወባም አንድ ዓይነት ክኒን የሚሰጥ ሐኪም ቢኖር ማናችንም ደጃፉን አንረግጥም ነበር። ለኮምፒውተራችን ሲሆን ግን ይህንኑ ሐኪም ገንዘብ ከፍለን እናመሰግናለን። ይህ ጽሑፍ ልማዱን የሚነቅፈው ጠጋኞችን ለመውቀስ ብሎ አይደለም፤ መነሻው እኔው ራሴ የሠራሁት ስሕተት ነው።

የተጂው ኮምፒውተር

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ከሰበታ አልፎ ወደ ጅማ አቅጣጫ የሚጓዝ ሰው፣ በጥቁር አፈሩና በጤፉ በሚታወቀው የበቾ ሜዳ ላይ የተጂን ከተማ ያገኛል። በዚያች ከተማ የእኅቴ ልጅ አንዲት ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችው። ማመልከቻው፣ የእድሩ የስም ዝርዝር፣ የሥራ ፈላጊው ሲቪ፣ የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ የሚጻፈው እዚያች ቤት ነው። በ2007 ዓ.ም. ዊንዶውስ 8.1 የተጫነበት ኮምፒውተር ሲገዛ «ጋሼ፣ እንዳይበላሽብኝ አድርገህ አዘጋጅልኝ» ብሎ ወደ እኔ አመጣው።

እኔም አዘጋጀሁት። ፋብሪካው በዲስኩ ውስጥ ያስቀመጠው መልሶ ማቋቋሚያ ፓወር ግዕዝን አያውቅም፤ የማተሚያውን ሾፌርም አያውቅም። ስለዚህ የሚያስፈልገውን ፕሮግራም ሁሉ ከጫንኩ በኋላ የመላውን ሲስተም ምስል ወስጄ በዲስኩ ጫፍ ላይ በከለልኩት 20 ጊጋባይት ቦታ አስቀመጥኩት፤ ለዊንዶውስም አስመዘገብኩት። ከዚያም በስክሪኑ ጠርዝ ላይ አንዲት ወረቀት ለጠፍኩ፦ «አልነሣ ካለ የችግር መፍቻውን ክፈት፤ ‹ሁሉን አስወግድ› የሚለውን ምረጥ፤ ምንም ሳትፈራ እሺ በል።»

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ማለዳ ስልኬ ጠራ። ማታ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ዝማኔ እየጫነ ነበር። «ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ለማድረግ ሞከርኩ፤ የማገገሚያ መሣሪያ ያለበት ዲስክ አቅርብ ይለኛል እንጂ ሌላ ነገር አያሳየኝም። ፎርማት ላድርገው?» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለዕረፍት ወደ ቤተሰቧ የመጣች አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ሁለት ምዕራፎች ዴስክቶፑ ላይ እንዳስቀመጠች፣ ሌላ ቅጂም እንደሌላት ነገረኝ።

«አትንካው፤ እመጣለሁ» አልኩት።

ለመሆኑ ሪከቨሪ ፓርቲሽን ምንድን ነው?

አንድ ሀርድ ዲስክ አንድ አካል ቢሆንም በውስጡ በድንበር ሊከፋፈል ይችላል። እያንዳንዱ ድርሻ ፓርቲሽን ይባላል፤ እኛ «ሲ» እና «ዲ» እያልን የምንጠራቸው ከእነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሪከቨሪ ፓርቲሽን፣ ማለትም የማገገሚያ ክፍል፣ ተጠቃሚው በስሕተት እንዳይነካው ፊደል ሳይሰጠው የሚደበቅ ሌላ ድርሻ ነው። በውስጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊኖሩ ይችላሉ። አንደኛው ዋናው ዊንዶውስ ሲወድቅ ለጥገና የሚነሣው ትንሽ ዊንዶውስ ነው። ሁለተኛው ሲስተሙ እንደ አዲስ የሚዘረጋበት ትልቅ ምስል ነው። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል፤ እኔም ወረቀቷን ስጽፍ በደንብ አልለየኋቸውም ነበር።

ትንሹ ዊንዶውስ በአስፈለገ ጊዜ እንዲነሣ ዋናው ሲስተም አድራሻውን ማወቅ አለበት። አድራሻውም ሪኤጀንት በምትባል አንዲት ትንሽ ፋይል ውስጥ ይመዘገባል፤ ክፍሉ በዲስኩ ላይ ከስንተኛው ባይት እንደሚጀምር ሳይቀር ይጻፍባታል። ክፍሉ ከቦታው ሲንቀሳቀስ መዝገቡ አብሮ ካልታረመ፣ ሁኔታው ቤት ለቆ ለሄደ ሰው በቀድሞው አድራሻ ደብዳቤ እንደ መላክ ነው።

ምርመራው

ፊዚክስ ካስተማረኝ ነገር አንዱ፣ ለክቶ ሳይጨርሱ የሚለካውን ነገር መለወጥ እንደማይገባ ነው። ተጂ እንደደረስኩ በሌላ ኮምፒውተር በተዘጋጀ ፍላሽ የጥገናውን መስኮት አስነሣሁና በመጀመሪያ ያደረግሁት ማንበብ ብቻ ነበር። ዲስክፓርት የሚባለው መሣሪያ የክፍሎቹን ዝርዝር ሲያሳየኝ የማገገሚያው ክፍል በቦታው አለ፤ ምስሉም አልጠፋም። ነገር ግን «ሲ» እኔ ከተውኩት መጠን ሰፍቷል። ብጠይቅ፣ ቦታ ስለጠበበው አንድ ወዳጁ በክፍል ማስተካከያ ፕሮግራም «ሲ»ን አስፍቶለት ኖሯል። «ሲ» ሲሰፋ ሌሎቹ ተገፉ፤ መዝገቡ ግን አሮጌውን አድራሻ እንደያዘ ቀረ። የማስተካከሉን ሥራ ማንም በክፋት አልሠራውም። ድንበሩ ከመነካቱ በፊት ሪኤጀንትሲ በተባለው ትእዛዝ ማገገሚያውን ማቦዘን፣ ድንበሩ ከተስተካከለ በኋላ መልሶ ማንቃት እንደሚገባ ያልነገርኩት እኔ ነበርኩ።

ሁለተኛው እርምጃ መቅዳት ነበር። የዲስክን ስሕተት የሚያርመው ቼክዲስክ ራሱ በዲስኩ ላይ ይጽፋል፤ ስለዚህ ጥገና ከመጀመሩ በፊት የ«ዲ»ን ሰነዶችና ዴስክቶፑን በሙሉ ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጥኩ። የልጅቷ ሁለት ምዕራፎች በሌላ ኮምፒውተር ተከፍተው እስኪነበቡ ድረስ ሌላ ነገር አልነካሁም። ከዚያ በኋላ የፋይል ሥርዓቱን አረምኩ፤ የማስነሻ ፋይሎቹን ቢሲዲቡት በተባለው ትእዛዝ አደስኩ፤ ኮምፒውተሩም ተነሣ። በመጨረሻ የማገገሚያውን አዲስ አድራሻ አስመዝግቤ አነቃሁት። ፎርማት ያስፈለገበት አንድም ደረጃ አልነበረም።

ሳይሠራ በመቅረቱ የረዳን መሣሪያ

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ግን የጠጋኝነት ኩራቴ አብሮኝ ብዙ አልተጓዘም። ወረቀቷ ያዘዘችው «ሁሉን አስወግድ» የሚለውን ነበር። የማገገሚያው ክፍል በዚያ ማለዳ እኔ እንዳሰብኩት በትክክል ቢሠራ ኖሮ፣ የእኅቴ ልጅ ምንም ሳይፈራ እሺ ይል ነበር፤ ኮምፒውተሩ ይድን፣ የልጅቷ ጽሑፍ ይጠፋ ነበር። ጽሑፉን ያተረፈው የመሣሪያዬ ብልሽት ነው።

ሌላም ጉድለት ነበረበት። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን ለአንድ ዓመት ያህል በነፃ ባቀረበበት ወቅት፣ በ2008 ዓ.ም. ኮምፒውተሩ ወደዚያ ተሻግሯል። በዊንዶውስ 8.1 ተጠቃሚው ያዘጋጀው ምስል ተመዝግቦ ሊሠራ ይችል ነበር፤ ዊንዶውስ 10 ግን ራሱን መልሶ ሲያቋቁም እንዲህ ዓይነቱን የተመዘገበ ምስል አይጠቀምም፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ ካሉት የራሱ ፋይሎች ነው የሚገነባው። ስለዚህ ያ 20 ጊጋባይት ለዓመታት ቦታ ይዞ ተቀምጦ የነበረው አንድም ሥራ ሳይኖረው ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ሞክሬው ቢሆን ይህን ባወቅሁ ነበር፤ አልሞከርኩትም።

ዶክትሬቴን በውጭ አገር በምሠራበት ላቦራቶሪ አማካሪዬ ተማሪዎቹን «የመረጃችሁ ቅጂ አላችሁ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም ነበር። ጥያቄው ሁልጊዜ «ቅጂውን ለመጨረሻ ጊዜ የከፈታችሁት መቼ ነው?» የሚል ነበር። ያን ጊዜ የሽማግሌ ነዝናዛነት ይመስለኝ ነበር።

የአንድ ዲስክ ሒሳብ

እዚህ ላይ ቀላል የዕድል ስሌት እንሥራ። አንድ ዲስክ በአንድ ዓመት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ ከ20 አንድ ነው ብለን እንነሣ፤ ቁጥሩ ለስሌቱ ያህል ብቻ የተወሰደ ነው። ሁለት ቅጂዎች እርስ በርስ በማይነካኩ ሁለት ዲስኮች ላይ ቢቀመጡ፣ ሁለቱም በአንድ ዓመት ውስጥ የመጥፋታቸው ዕድል 1/20 በ1/20 ሲባዛ ከ400 አንድ ይሆናል። ሁለቱ ቅጂዎች በአንድ ዲስክ ላይ ካሉ ግን፣ አንዱ «ሲ» ሌላው «ዲ» ቢባልም፣ ዕድሉ ያው ከ20 አንድ እንደሆነ ይቀራል። ማባዛት የሚቻለው ሁለቱ አደጋዎች ነፃ ሲሆኑ ብቻ ነው። ከኮምፒውተሩ ላይ ሳይነቀል የሚያድር ፍላሽም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ ለኃይል መዋዠቁም ለሌባውም ያው አንድ ዒላማ ነው።

የበቾ ገበሬ ይህን ሒሳብ ያለ ቀመር ያውቀዋል። ለዘር የለየውን ጤፍ ከሚበላው ጋር አይቀላቅለውም። ፋብሪካውም ሆነ እኔ በአንዱ ዲስክ ጫፍ ላይ ያስቀመጥነው ማገገሚያ ግን ዘሩንና ቀለቡን በአንድ ጎተራ ያኖረ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም

አንዳንድ አንባቢ «ይህ የገጠር ከተማ ጣጣ ነው» ሊል ይችላል። በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2024፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የማገገሚያ ክፍል ኬቢ 5034441 የተባለ የደኅንነት ዝማኔ አወጣ። ዝማኔው በማገገሚያው ክፍል ውስጥ 250 ሜጋባይት ነፃ ቦታ ይፈልግ ስለነበር፣ ክፍላቸው የጠበበባቸው ኮምፒውተሮች ሊቀበሉት አልቻሉም። የታየው መልእክት ደግሞ በ80070643 የሚጨርስ የስሕተት ቁጥር እንጂ «ቦታ ጠቦኛል» የሚል አልነበረም፤ የተሳሳተ መልእክት መሆኑንም ኩባንያው ራሱ አምኗል። ለተጠቃሚው የተሰጠው መመሪያም «ሲ»ን አጥብቦ የማገገሚያውን ክፍል በእጅ ማስፋት ነበር።

ከዚህ የምንማረው የስሕተት መልእክት ምልክት እንጂ ምርመራ አለመሆኑን ነው። ትኩሳት ወባም ታይፎይድም ሊሆን ይችላል። አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ፤ ኮምፒውተር ደግሞ ሳያስበው ይሸሽጋል፤ በትዕግሥት መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው።

ምን ይደረግ?

«ጊዜ የለንም፤ ፎርማት ይፈጥናል» የሚሉ ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ። በእርግጥ ለባለሙያው ይፈጥናል። ለባለቤቱ ግን ከዚያ በኋላ በስልክ ዳታ ብዙ ጊጋባይት ማውረድ፣ ፓወር ግዕዝን መልሶ መጫን፣ የማተሚያውን ሾፌር መፈለግ አለ፤ የጠፋውን ጽሑፍ ደግሞ የሚያወርድበት ቦታ የለም። በአሮጌው ዓይነት ሀርድ ዲስክ ፈጣን ፎርማት በአብዛኛው የሚደመስሰው ማውጫውን ስለሆነ በላዩ ካልተጻፈ መልሶ የማግኘት ተስፋ ነበረ። በዛሬዎቹ ኤስኤስዲ ዲስኮች ግን የተለቀቀው ቦታ ወዲያውኑ ሊጸዳ ስለሚችል ያ ተስፋ እጅግ መንምኗል።

ዊንዶውስ 10 ራሱ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ በእጃችን ካሉት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ደግሞ ለዊንዶውስ 11 የተቀመጠውን መስፈርት አያሟሉም። ከሠሪው የሚመጣው እርዳታ ባነሰ መጠን የባለቤቱ ጥንቃቄ ሊጨምር ይገባል።

በበኩሌ ሁለት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛው ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ነው። ለአዲስ ገቢ ተማሪ የምንሰጠው የኮምፒውተር ትምህርት ጽሑፍ ማስዋብን ብቻ ሳይሆን፣ ሆን ተብሎ የተበላሸ ኮምፒውተር መርምሮ ማስነሣትን እንደ ላቦራቶሪ ሙከራ ያካትት፤ አማካሪዎችም እያንዳንዱ ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር ቅጂው እጃቸው እንዲገባ ይጠይቁ። ሁለተኛው ለእናንተ ለተማሪዎች ነው። ኮምፒውተር ሲበላሽ መጀመሪያ አንብቡ፤ ቀጥሎ ቅዱ፤ ከዚያ ጠግኑ። የጽሑፋችሁ ቅጂ ከኮምፒውተሩ በተለየ ዕቃ፣ በተለየ ቤት ይደር፤ በሴሚስተር ቢያንስ አንድ ጊዜም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ይነበብ።

የእኅቴ ልጅ ያቺን አሮጌ ወረቀት ከስክሪኑ ላይ አላነሣትም። «ምንም ሳትፈራ» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ፣ ከበላዩ «መጀመሪያ ቅዳ» ብሎ ጽፎበታል። ደንበኞቹም እያነበቡ ፍላሽ ይዘው መምጣት ጀምረዋል አሉ።