ለነቀምት የጠጅ ማስተርስ ቢከፈትላትስ?

የወይን ጠጅ ንግድ በማስተርስ ደረጃ ይሰጣል ሲባል ፈገግ የሚል አንባቢ አይጠፋም። «ለመጠጥ ደግሞ ዲግሪ!» ማለቱ አይቀርም። ይሁንና ነገሩ በሌላው ዓለም ቀልድ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። የካሊፎርኒያው ሶኖማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የወይን ጠጅ ንግድ ኢንስቲትዩቱን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በአውሮፓ ደግሞ በታራጎና፣ በቦርዶና በፖርቶ የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች በኢራስመስ ሙንዱስ ድጋፍ በወይን ቱሪዝምና ፈጠራ የጋራ ማስተርስ ከፍተዋል። ኢራስመስ ሙንዱስ ደግሞ ለእኛ አገር ወጣት ምሁራን እንግዳ ስም አይደለም።

በእነዚህ ክፍሎች የሚሰጠው ትምህርት ወይን እንዴት እንደሚጠመቅ ብቻ አይደለም። ዋናው ጉዳይ ገበሬው ማሳ ላይ በሳንቲም የሚሸጠው ፍሬ፣ ሌላ አገር ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲደርስ ለምን መቶ እጥፍ እንደሚያወጣ፣ ልዩነቱንም ማን እንደሚወስደው ማወቅ ነው። የቦታ ስም በሕግ እንዴት ይጠበቃል? ጠርሙስ ሳይበላሽ ስንት ወር ይቆያል? ጎብኚ ለምን ማሳው ድረስ ይመጣል? እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን ወደ አገራችን ስንመለስ መልሱን ዝዋይ ላይ መፈለግ የተለመደ ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል ከቦርዶ ያስመጣውን ወይን እዚያ ተክሎ የመጀመሪያ ምርቱን በ2014 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ አቅርቧል፤ ነባሩ አዋሽ ወይን ጠጅም ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለግል ባለሀብቶች ተላልፏል። ሁለቱም ጥሩ ሥራ ሠርተዋል። ግን በወይን ፍሬ ከቦርዶ ጋር መወዳደር ማለት በሰው ሜዳ፣ በሰው ዳኛ መጫወት ነው።

የራሳችን ሜዳ ያለው በሌላ አቅጣጫ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። መጀመሪያ የንብ ምርምር ማዕከል ያለባት ሆለታ ትገኛለች። ቀጥላ ከ90 ዓመት በላይ ውኃዋን በጠርሙስ አሽጋ በስሟ የምትሸጠው አምቦ፣ ከዚያም ስሟን ለቀይ ወይን ጠጅ ያዋሰችው ጉደር ትመጣለች። መንገዱ ባኮን አልፎ የማር አገር የሆነችው ነቀምት ሲደርስ ግን ጠርሙስም ስምም ያበቃል። ጨለለቂ ሰፈር ላይ ቆሞ ማር ለሚገዛ ሰው የሚቀርብለት በጄሪካንና በባልዲ ነው። ከየትኛው ወረዳ፣ ከየትኛው አበባ፣ በየትኛው ወር እንደተቆረጠ የሚነግረው ጽሑፍ የለም።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት አኃዞች ኢትዮጵያን ከአፍሪካ ቀዳሚዋ የማር አምራች ያደርጓታል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2008 (እ.ኤ.አ.) ማር እንዲያስገቡ ከተፈቀደላቸው አገሮች መዝገብ አስገብቷታል። ወደ ውጭ የሚሄደው ግን ከምርቱ እጅግ ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው የሚገባው ጠጅ ቤት ነው። እንዲያውም አገራችን በሰም ምርት በዓለም ስሟ የሚነሳው በጠጅ ጣዮች ምክንያት ነው፤ ሰፈፉን የሚሰበስቡት እነሱ ናቸውና። ታዲያ ያለን ትልቁ የማር ኢንዱስትሪ ጠጅ ከሆነ ትምህርቱ ለምን ከዚያ አይጀምርም?

አስቸጋሪው ነገር ጠጅ የሚባለው አንድ መጠጥ አለመሆኑ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሞገሴ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው በ2001 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ከተለያዩ ጠጅ ቤቶች የተወሰዱ ናሙናዎች የአልኮል መጠን ከ3 በመቶ በታች ጀምሮ ከ20 በመቶ በላይ ይደርስ ነበር። አንዱ ብርጭቆ ጠላን የሚያህል፣ ሌላው ከማንኛውም ወይን የሚብስ ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እርሾው ከአየሩ፣ ከጌሾውና ከጋኑ በራሱ የሚመጣ እንጂ ተመርጦ የሚጨመር አይደለም። የማርና የውኃው ልክ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ስኳር የሚጨምረውም ብዙ ነው። ሳይጣራና ሳይረጋጋ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ደግሞ መፍላቱን ይቀጥላል። ቡሹ ይፈናጠራል ወይም ጠርሙሱ ይፈነዳል። እንዲህ ያለውን መጠጥ የትኛው ነጋዴ በኮንቴይነር ይጭነዋል? ካሊፎርኒያ ውስጥ ትውልደ ኢትዮጵያዊው አየለ ሰለሞን «ቢ ዲቫይን» በሚል ስም የማር ወይን ጠርሙስ ውስጥ አስገብቶ ለገበያ ማቅረብ የቻለው ይህንን ችግር ለመፍታት በሚያስችል ሙያና መሣሪያ ነው።

ወይን ነጋዴዎች ስለ ፍሬው ዘር ያወራሉ። የእኛ ዘር አበባው ነው። የግራዋ ማር ጠቆር ብሎ መረር ይላል፤ የገተማ ማር ነጭ ነው፤ ከአደይ አበባ ወቅት የሚቆረጠው ወደ ቢጫ ያደላል። በምዕራቡ ደን ብሳናውና ቡናው ሲታከልበት አንድ ወረዳ ብቻ ስንት ዓይነት ጠጅ ሊያወጣ እንደሚችል ማሰብ ነው። ዛሬ ሁሉም አንድ ጄሪካን ውስጥ ይቀላቀላል።

ስም ምን እንደሚያስገኝ ለወለጋ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የአካባቢው ቡና ለቀምት በሚል ስም በዓለም ቡና ቆዪዎች ዘንድ ከታወቀ ዘመን ተቆጥሯል። ከዚያው ደን፣ ብዙ ጊዜም ከዚያው ገበሬ ጓሮ የሚወጣው ማር ግን ስም የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ የጀመረው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የግብርናም የንግድም ትምህርት አለው። ሆለታ መንገዱ ላይ ናት። የጎደለው የንቡን፣ የእርሾውንና የሒሳቡን ሰዎች አንድ ክፍል ማስቀመጥ ነው። ውጤቱ በሁለት ዓመት ይታያል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ግን ይሳሳታል። የስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አብርሃም ፔሮልድ ፒኖታዥ የተባለውን የደቡብ አፍሪካ የራሷ ወይን ያዳቀሉት በ1925 ነበር፤ ስሙ ጠርሙስ ላይ ተጽፎ የተሸጠው በ1961 ነው።

ሐሳቡን የሚቃወሙ ሰዎች እንደሚኖሩ ይህ ጸሐፊ ይገምታል። ነቀምት የወንጌላውያን እምነት ሥር የሰደደባት ከተማ ናት፤ ብዙው ቤተሰብ መጠጥ አያስገባም። ልጄን ለጠጅ ዲግሪ ልላክ ወይ የሚል ወላጅ ጥያቄው ተገቢ ነው። ለእሱ የሚሰጠው መልስ በትምህርቱ ስም ላይ ያለው «ጠጅ» ብቻውን እንዳልሆነ ማሳየት ነው። ማርን መመደብ፣ ሰም ማጣራት፣ ያልፈላ ብርዝ አሽጎ መሸጥ ያው ሙያ ነው፤ አልኮል ያልያዘ የታሸገ ብርዝ እንዲያውም ከጠጁ የሰፋ ገበያ ሊኖረው ይችላል። ሕጉም ከወላጁ ብዙ አይርቅም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። በማስታወቂያ ጋጋታ የማይሸጥ ዕቃ በጥራቱና በትውልድ ቦታው ስም መሸጥ ይኖርበታል። የተማረ ሰው የሚፈለገውም እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ግን የእምነት አይደለም። ቀፎ የሚሰቀለው ጫካ ውስጥ፣ ዛፍ ላይ ነው። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በወለጋ የተባባሰው ግጭት ገበሬውን ከቀፎው፣ ነጋዴውንም ከመንገዱ ለይቶት ቆይቷል። በ2023 ታንዛኒያ ላይ ሁለት ጊዜ የተደረገው ድርድርም ያለ ስምምነት ተበትኗል። ቢሆንም ናሙና ለመሰብሰብና ላቦራቶሪ ለማደራጀት፣ የነቀምትን ጠጅ ቤቶች አንድ በአንድ ዞሮ የሚጥሉትን ለመለካት ከከተማ መውጣት አያስፈልግም። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ሥራቸውን ከዚያ ሊጀምሩ ይችላሉ።