ሁለተኛዋ ሲኒ

በዚህ ዓምድ ስለ ባልና ሚስት ንግግር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ አንዳንዴም ስለ ኪስ ጉዳይ ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ግን ወደ ካፋ ተራሮች ልውሰዳችሁ። ከቦንጋ ወደ ሚዛን የሚያልፈውን መንገድ ስንከተል ዋጫን እናገኛለን፤ የጨና ወረዳ ከተማ ናት። አረንጓዴ አገር ነው። ጉሙ ከጫካው ላይ ሳይነሣ ቀኑ ይጋመሳል፤ እንሰት የሌለበት ጓሮም አይታይም።

በዚያች ከተማ አንድ ቤት ቡና ተጠራሁ። አባወራው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ባለቤታቸው በመዘምራን ታገለግላለች። አቦሉ ሊቀዳ ሲል ከሰል የሚሸጡ አንዲት እናት ደጃፉ ላይ ቆመው ሰላምታ ሰጡ። አወቅኋቸው፤ እሑድ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው እንባቸውን እያፈሰሱ ሲያመልኩ ነበር። እማወራዋም ፈገግ ብላ ቡና ቀዳችላቸው። የቀዳችው ግን ረከቦቱ ላይ ከነበሩት ሲኒዎች በአንዱ አይደለም፤ ከጓዳ ባመጣቻት አፏ በተሸረፈ ሌላ ሲኒ ነው። እናትየዋ እዚያው ደጃፍ ላይ ጠጡ፣ ሲኒዋን መሬት ላይ አስቀመጡ፣ መርቀው ሄዱ። ማንም ምንም አላለም። እኔም አላልኩም፤ ይህንን ስጽፍ የሚከነክነኝ እሱ ነው።

እኚህ እናት ማንጆ ናቸው። ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ታሪክ ላውጋ።

የካፋ ሰው ታሪኩን ሲያወራ በኩራት ነው፤ ይገባዋልም። መንግሥቱ በ14ኛው መቶ ዘመን እንደ ተመሠረተ ይነገራል። ንጉሡ “ታቶ” ይባል ነበር፤ “ሚክረቾ” የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሩት፤ ብቻውን እንዳሻው የሚያዝ አልነበረም። አገሩ በጥልቅ ቦይና በበር የታጠረ ስለ ነበረ ጠላት በቀላሉ አይገባውም። በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ለአፄ ምኒልክ ሲዘምቱበት የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት በጫካ ተሸሽገው ተዋግተዋል። በኋላ ተይዘው ቀሪ ዘመናቸውን በግዞት ጨረሱ፤ አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም። ከዚያ በኋላ ጦርነቱና የባሪያ ንግዱ ሕዝቡን አመናመነው። የቀረው ጫካ፣ ቡና በዱር የሚበቅልበት ጫካ፣ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

እንግዲህ የእነዚያን በሮች ከሚጠብቁት መካከል ማንጆዎች ነበሩ። አዳኞችም ናቸው፤ ጫካውን እንደ መዳፋቸው ያውቁታል። ግን በር የሚጠብቀው ሰው ቤት አይገባም ነበር! ጉሬዛና ከርከሮ ይበላሉ ተብለው ከማኅበረሰቡ ተለዩ። አብሮ መብላት፣ ቤት መግባት፣ መጋባት ተከለከለ። ምግብ ቢሰጣቸው በእንሰት ቅጠል ወይም በተሰበረ ዕቃ ነበር። መንገድ ላይ ካፈቾ ሲያገኙ ሰላምታቸው “በእርስዎ ፋንታ እኔ ልሙት” የሚል ትርጉም ያለው ነበር። ደጋግሜ አሰብኩት። ሰው ሰላም ለማለት መሞት ያስፈልገዋል?

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ለማንጆም መሬት ደረሰው። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መጡ፤ ስለ መናቃቸውም ለመንግሥት አቤቱታ ጽፈዋል። ተመራማሪዎች ለምን ፕሮቴስታንት እንደ ሆኑ ሲጠይቁ፣ ከመልሶቹ አንዱ እንደ ሰው የሚቆጥራቸው ፍለጋ መሆኑን አግኝተዋል። ወደ እኛ የመጡት ይህን ፈልገው ነው፤ ያገኙት ደግሞ አግዳሚ ወንበር ነው። እሑድ ወንበሩ አንድ ነው፣ ሰኞ ግን ሲኒው ሁለት ነው።

ማታ እራት ላይ ሳልችል ቀርቼ ጠየቅሁ። አባወራው አንገታቸውን ደፍተው፣ “የጓዳ ነገር የሴቶች ጉዳይ ነው” አሉ። (ወንድሞች፣ ይህችን መልስ ስንት ጊዜ ተጠቅመንባታል!) ሚስት ዝም አላለችም።

“የሴቶች ጉዳይ አታድርገው። እናቴ ያስተማረችኝ ይህን ነው። ሲኒውን አንድ ባደርገውስ? ጎረቤቶቼ ቡናዬን አይጠጡም። ልጄ ስትታመም፣ ሐዘን ሲደርስብኝ ማን ይመጣልኛል? አንተ ትመጣለህ?”

እውነቷን ነው። ጉሬዛ መብላት እንኳ ትተናል የሚሉ ማንጆዎች ብዙ ናቸው፤ እርሷም እናትየዋን አትጸየፍም። የፈራችው ጎረቤቷን ነው። ገላትያ ምዕራፍ 2ን ስታነቡ ጴጥሮስ የገባበት ችግር ያው እንደ ነበር ታገኛላችሁ። ከአሕዛብ ጋር አብሮ ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን ፈርቶ ከማዕድ ራቀ። ሐዋርያው ትምህርቱ አልጠፋውም፤ የጠፋው ድፍረት ነው። ጳውሎስም የተናገረው ወደ ጎን ጠርቶ አይደለም፤ በሁሉ ፊት ነው።

ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጃቸው ይህን ሁሉ ስትሰማ ቆይታ፣ “እማማ ግን ለምን አይገቡም?” አለች። የመለሰላት አልነበረም። ነገ ይህች ልጅ በቤተ ክርስቲያን ከአንድ ማንጆ ወጣት ጋር ብትዋደድ ለሰርጓ ምን ሊሉ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ግን አልተናገርኩም። ለአንድ እራት የተነገረው ይበቃ ነበር።

ባለፈው ሰሞን አባወራው ስልክ ደወሉልኝ። የተሸረፈችው ሲኒ ከቤት ወጥታለች፤ የጣሏት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሁለት ጎረቤቶች ቡና መምጣት አቁመዋል። አንደኛዋ በቤተ ክርስቲያን እንኳ ፊቷን ታዞራለች። እናትየዋስ ስላቸው ትንሽ ዝም አሉ።

“አልገቡም” አሉኝ። “ግቡ ብንላቸው ልማድ ሆኖባቸው እምቢ አሉ። አሁን ባለቤቴ ረከቦቱን ደጃፍ አውጥታ አብራቸው ትጠጣለች።”