ቤዙን የሚሰማልን ጎረቤት ነው

በዚህ ከተማ አንድ ሰው ደህና ቴፕ ገዛ ሲባል ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ሳብዉፈር አለው?» ድምፁ ጥርት ይላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዘፋኙ የሚለው ቃል ይሰማል ወይ የሚልም የለም። ወለሉ ላይ የሚቀመጠው ጥቁር ሣጥን ከሌለ ባለቤቱ እንደ ጎደሎ ይታያል። ወዳጆቹ ሶፋው ላይ ተደላድለው «ሁሉም ነገር አሪፍ ነው፣ ቤዝ ብቻ ይቀረዋል» ይሉታል። ምስኪኑ ደመወዙ በገባ ማግስት መርካቶ ይወርድና ሣጥኑን ተሸክሞ ይመለሳል። ከዚያች ማታ ጀምሮ ቤዝ የሚቀረው ሰው ጠፋ፤ እንቅልፍ የሚቀረው ሰው ግን ከበላዩም ከበታቹም በዛ።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርታማ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ሳብዉፈር አትግዙ። የገዛችሁም ከሶኬቱ ንቀሉት። ለምን ቢሉ፣ የምንሰማው ሙዚቃ አብዛኛው አይፈልገውም፣ ክፍላችን አይችለውም፣ ገንዘቡ ለሌላ ነገር ይበጃል፣ ግድግዳውም የእኛ ብቻ አይደለም። አንድ በአንድ እንሂድበት።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ

የሰው ጆሮ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል። (ዕድሜ ሲገፋ ከላይ በኩል እየተሸረፈ ይሄዳል።) ሳብዉፈር የሚሠራው ከዚህ ሁሉ ውስጥ በታችኛው ጥግ፣ በአብዛኛው ከ80 ኸርዝ በታች ነው። እስቲ እዚያ ታች ማን እንዳለ እንይ።

ዘፋኙ የለም። ወፍራም ድምፅ ያለው ወንድ እንኳ ሲዘፍን ብዙውን ጊዜ ከ80 ኸርዝ በላይ ነው። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ሳክስፎን፣ ሁሉም ፎቅ ላይ ናቸው። ምድር ቤት የሚቀሩት ከበሮውና ቤዝ ጊታሩ ናቸው። ባለአራት ክር ቤዝ ጊታር በተለመደው ቅኝት ዝቅተኛው ኖታው 41 ኸርዝ ግድም ነው፤ ቀጣዩ ክር 55፣ ሦስተኛው 73፣ አራተኛው 98። ማህሙድ አህመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» አስታውሱ። ጆቫኒ ሪኮ እዚያ የሚጫወተው ቤዝ ሰው ወንበሩ ላይ እንዳይቀመጥ የሚያደርገው ስለሚያንቀጠቅጥ አይደለም። ስለሚራመድ ነው። የሚራመደውን ጣት ለመስማት ደግሞ የሚያስፈልገው ጥርት ያለ የመሀል ድምፅ ነው።

«41 እና 55ን ትናንሽ ስፒከር አያወጣቸውም» የሚል ብልህ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ባለ 6 ኢንች ደህና ስፒከር 50 እና 60 ኸርዝ አካባቢ ሲደርስ መድከም ይጀምራል። ግን አንድ ኖታ አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም። 41 ኸርዝ ሲመታ 82ም 123ም አብረውት ይነሳሉ። የእኛ ጆሮ እነዚህን ሰምቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። ይህ የድምፅ ሳይንስ አንድ መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሳይሆን ከዚያም የቆየ ነገር ነው፤ ለማረጋገጥ ግን ቤተ ሙከራ አያሻችሁም። በዐቢይ ጾም በገና በትንሽ ሬዲዮ ሲሰማ ታውቃላችሁ። የሬዲዮዋ ስፒከር ከቡና ስኒ አፍ ብዙም አይሰፋም፤ የበገናው ድምፅ ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ከክሮቹ ሥር የሚገቡት የቆዳ ቁራጮች (እንዚራዎቹ) የሚፈጥሩት ዝዝታ ጆሮን በድምፅ ያጠግበዋል፣ ቀሪውን ጆሮ ይጨርሰዋል። አባቶች ያለ ሳብዉፈር ጥልቀት ያወጡት እንዲህ ነው።

ባጭሩ አብዛኛው በቤታችን የሚሰማው የአገር ሙዚቃ ሳብዉፈሩ የሚፈልገውን ነገር አልያዘም ወይም ጥቂት ብቻ ነው የያዘው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው።

አራት በሦስት ሜትር ሳሎን

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ግድም ይጓዛል። 40 ኸርዝ የሆነ አንድ ሞገድ ርዝመቱ 8 ሜትር ተኩል ነው። ይህን ሞገድ አራት ሜትር በሦስት ሜትር በሆነ ሳሎን ውስጥ ማስገባት አውቶቡስን ጋራዥ ውስጥ እንደማጠፍ ነው። ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ አንዳንዱ ቦታ ይከመራል፣ አንዳንዱ ቦታ ይጠፋል። አራት ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል በ43 ኸርዝ አካባቢ ያብጣል፤ ሦስት ሜትሩ ደግሞ በ57 አካባቢ። የቤዝ ጊታሩ ሁለት ወፍራም ክሮች 41 እና 55 መሆናቸውን አትርሱ። ክፍላችሁ እነዚህን ሁለት ኖታዎች ያለማንም እርዳታ ሲያጎላቸው ኖሯል ማለት ነው። እናንተ ደግሞ እሳት ላይ ቤንዚን ጨመራችሁ።

ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቤዚስቱ አሥር ኖታ ተጫውቶ ሳሎን ውስጥ የሚሰማው አንድ ነው፤ «ድ...ም፣ ድ...ም፣ ድ...ም»። ችክችካው ደግሞ ሕይወቱ በስድስቱ ምቶች መካከል ያለው ክፍተት ነው። አንዱ ምት ሳይጠፋ ሌላው ሲደርስበት ክፍተቱ ይደፈናል፣ እስክስታው እግር የሌለው ይሆናል። ሳብዉፈር ሙዚቃውን አሳመረው ብላችሁ ስታምኑ፣ ዜማውን የሚያቆመውን ምሰሶ በጭቃ ለቅልቃችሁታል።

ከዚህ የባሰም አለ። ሞገዱ የሚከመረው ግድግዳዎቹ ጋ ነው፤ የሚጠፋው መሀል ክፍሉ ላይ። ስለዚህ መሀል ላይ ወንበር አድርጎ የተቀመጠው ባለቤት «ቤዙ ደከመ» ይልና ቁልፉን ያዞራል። አሁንም ደከመ ይልና ያዞራል። በዚያው ቅጽበት ግድግዳው ላይ ያለው ጉልበት እየጨመረ ነው። ከግድግዳው ማዶ ማን አለ? ጎረቤት። ባለቤቱ የማይሰማውን ቤዝ በሙሉ የሚሰማለት እሱ ነው።

ምጣድና ሣጥን

ስለ ገንዘቡም እናውራ። ርካሾቹ ሣጥኖች ካርቶናቸው ላይ «5000 ዋት» ብለው ይጽፋሉ፤ ከሥሩ በትንሽ ፊደል «ፒኤምፒኦ» የሚል ይከተላል። ይህ ቃል የተስማሙበት መለኪያ የሌለው የሻጭ ቁጥር ነው፤ ቁም ነገሩን የሚናገረው «አርኤምኤስ» የሚለው ነው። እንጀራ የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ሺህ ዋት ግድም ይፈልጋል። ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ይፈዛል፣ ገመዱ ይሞቃል፣ ቆጣሪው ይሮጣል። 5000 ዋት ነኝ የሚለው ሣጥን ግን እንደ ስልክ ቻርጀር በቀጠነ ገመድ ይሠራል። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ይዋሻል። ምጣዱ እንጀራ ስላወጣ እሱን እናምናለን።

ያንኑ ገንዘብ ሁለቱን ዋና ስፒከሮች ለማሻሻል ብታውሉት፣ የምትሰሙት ለውጥ እያንዳንዱ ዘፈን ላይ ነው። ድምፃዊቷ ትንፋሽ ስትወስድ ትሰማላችሁ። ክራሩ ሲነካ የክሩን መንቀጥቀጥ ትሰማላችሁ። የሳብዉፈሩ ገንዘብ የሚገዛው ግን የመስታወት ቁምሳጥን ውስጥ ያሉ ብርጭቆዎችን መንጫጫት ነው።

ግድግዳው የሁለት ሰው ነው

ዋናው ክርክሬ እዚህ ላይ ነው። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ይህች ከተማ በብዙ ሺህ ቤተሰብ ፎቅ ላይ ወጥታለች፤ ጎተራ፣ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ። ቤቶቹ የተሠሩት በአብዛኛው መሀሉ ባዶ በሆነ ብሎኬት ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ወሬን ያፍናል፤ ቤዝን ግን አያቆምም። በቀላሉ ስናሰላው፣ ድምፁ በግማሽ ዝቅ ባለ ቁጥር ግድግዳ የመከላከል አቅሙን 6 ዴሲቤል ያህል ያጣል። ከ640 ኸርዝ ወደ 40 ኸርዝ አራት ጊዜ መገመስ ነው፤ 24 ዴሲቤል። ጎረቤታችሁ ዘፋኙን አይሰማም፣ ግጥሙን አይሰማም፣ ዜማውን አይሰማም። የሚደርሰው የተላጠ «ድም ድም» ብቻ ነው። ሣጥኑ ወለል ላይ ስለሚቀመጥ ደግሞ ከታች ላለው ሰው ጣራው ራሱ ከበሮ ይሆንበታል።

ጎረቤት የምንለው ማን ነው? የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ቀን የምትተኛ ነርስ ናት። የአራት ወር ሕፃን ያላት እናት ናት። ለመልቀቂያ ፈተና የሚያጠና የ12ኛ ክፍል ልጅ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የምንለውም እነሱኑ ነው። ለቅሶ ሲደርስብን ድንኳን የሚተክሉልን፣ ቁልፍ ሲጠፋብን በራቸውን የሚከፍቱልን እነሱ ናቸው።

ሕጉም ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225፣ ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። ንዝረት የሚለውን ቃል ልብ በሉ፤ ሳብዉፈር አገር ውስጥ ሳይገባ ሕጉ ቀድሞት ነበር። ለመኖሪያ ሰፈር የወጣው የድምፅ መስፈርትም ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ችግሩ መለኪያው ነው። መስፈርቱ የተቀመጠበት «ኤ» የሚባለው ሚዛን ቤዝን በጣም አሳንሶ ይቆጥራል፤ 50 ኸርዝ ላይ 30 ዴሲቤል ይቀንስለታል። የጎረቤታችሁን አልጋ የሚያርገበግብ 75 ዴሲቤል ቤዝ መለኪያው ላይ 45 ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ቅሬታ አቅራቢው ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ መሣሪያው «ሰላም ነው» ሊለው ይችላል። ስለዚህ «ከሕጉ በላይ አልጮህኩም» የምትል መከላከያ አትጥቀሱብን።

የሚነሱ ሙግቶች

«ውጭ ሞንታርቦ ሲያደነቁረን የሚውል ከተማ ውስጥ የእኔ ሣጥን ምን ትሆናለች?» ይባላል። መንገድ ላይ ያለው ጥፋት መኝታ ቤት ውስጥ ለሚደረገው ጥፋት ፈቃድ አይሰጥም። ሞንታርቦው ቢያንስ ይመሻል፤ የእናንተ የሚጀምረው ሲመሽ ነው።

«አዳዲሶቹ ዘፈኖችና ፊልሞችስ?» ይህ እውነተኛ ሙግት ነው። የሂፕ ሆፕና የኤሌክትሮኒክስ ቤዝ 30ዎቹ ኸርዝ ድረስ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የጂጂ አልበምም ፕሮዲዩሰሩ ቢል ላዝዌል ራሱ ቤዚስት ነውና ታችኛው ፎቅ ባዶ አይደለም። መፍትሔው ግን ሣጥን ሳይሆን ሄድፎን ነው። ጆሮን በደንብ የሚገጥም ሄድፎን ክፍል የለውም፣ ግድግዳ የለውም፣ ጎረቤትም የለውም። እስከ ታች ይወርድላችኋል፤ ብቻ በልኩ።

«በደንብ የተስተካከለ ሳብዉፈር አይጮህም፣ ሲጠፋ ብቻ ነው የሚታወቀው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው። መቁረጫው 80 ኸርዝ ላይ ተደርጎ፣ ፌዙ ከዋናዎቹ ስፒከሮች ጋር ገጥሞ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ ቦታው በትዕግሥት ተፈልጎ የተቀመጠ ሳብዉፈር ትናንሽ ስፒከሮችን ያግዛል። ግቢ ያለው ቤት የምትኖሩ በዚህ መንገድ ተጠቀሙበት፣ ማንም አይቃወማችሁም። ፎቅ ላይ ግን የተስተካከለውም ቤዝ ብሎኬቱን ያልፋል። ደግሞስ በእውነት እንነጋገር፤ ስንቱ ነው አስተካክሎ የሚያስቀምጠው? የቤዙን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዙሮ የሚረሳው ይበዛል።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ነፃ የሆነውን በቅድሚያ ሞክሩ። ስፒከር ወደ ግድግዳ ሲጠጋ ቤዙ ይጨምራል፤ ስለዚህ ስፒከሮቻችሁን የጎረቤት ወዳልሆነው፣ ወደ ውጭ ግድግዳ አስጠጓቸው። የምትቀመጡበትን ወንበር ከክፍሉ መሀል ግማሽ ሜትር ብቻ ፈቀቅ አድርጉት፤ ጠፋ ያላችሁት ቤዝ እዚያ ይጠብቃችኋል።

ማታ ድምፅ ስትቀንሱ ቤዙ የሚጠፋው ደግሞ ቴፓችሁ ስለተበላሸ አይደለም። ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲያንስ ጆሯችን ለወፍራሙ ድምፅ ይበልጥ ይደነዝዛል። በድሮ ቴፖች ላይ «ላውድነስ» የምትባለው ቁልፍ የተሠራችው ለዚሁ ነው። ካለቻችሁ ተጫኗት፤ ከሌለቻችሁ የቤዙን ቁልፍ ትንሽ ነካ አድርጉት። ድምፁን ግን እንደቀነሳችሁት ተዉት።

ሣጥኑን ለገዛችሁ አንድ ነገር ብቻ እንጠይቃችኋለን። ለአንድ ሳምንት ንቀሉት። በሳምንቱ መጨረሻ ከታች ያለውን በር አንኳኩና «እንዴት አደራችሁ?» በሉ። መልሳቸውን ከሰማችሁ በኋላ መልሳችሁ ለመሰካት እጃችሁ ከታዘዘ፣ ያኔ እንከራከራለን።